ዲያርኪ፤ ስለ ተከፈለ ሥልጣን የአንድ ቃል ትርጉምና መነሻ

በማኅበራችን የክርክር ምሽቶች ደጋግመን ከምንሰማቸው አነጋገሮች አንዱ «ሥልጣን መከፋፈል አለበት» የሚለው ነው። ተናጋሪው ይህን ባለ ቁጥር አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እኛም አብረን አጨብጭበናል። ከጭብጨባው በኋላ ቤታችን ገብተን ስናስበው ግን አንድ ጥያቄ ይቀርብናል። ሥልጣን የሚከፈለው እንዴት ነው? እንደ ዳቦ ተቆርሶ ነው? እንደ ርስት በገመድ ተለክቶ ነው? ወይስ አንዱ ይረስ፣ አንዱ ይረም፣ አንዱ ደግሞ ጎተራውን ይጠብቅ ተብሎ ነው? የአከፋፈሉ ዓይነት ሳይታወቅ መከፈሉን ብቻ ማመስገን፣ ውሉን ሳያነቡ እንደ መፈረም ይቆጠራል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ተከፈለ መንግሥት የተነገረን አንድ ቃል መርጠን መነሻውንና ትርጉሙን ለመመርመር አስበናል። ቃሉ «ዲያርኪ» ነው። የመረጥነውም ቃሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ በብዙ ሚሊዮን ሰው ላይ ተፈትኖ ውጤቱ የታየ ስለ ሆነ ነው። ፈተናው የተደረገው በሕንድ አገር ነው። ስለ ውጭ አገር ስንናገር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን፣ ስለ አገራችን ስንናገር ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

ሀ. ቃሉ ከወዴት መጣ?

ዲያርኪ ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ነው። «ዲ» ሁለት ማለት ሲሆን «አርኬ» ደግሞ መጀመሪያ፣ አለቅነት፣ አገዛዝ ማለት ነው። ሁለተኛው ክፍል ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ «ፓትርያርክ» በምንለው ማዕርግ መጨረሻ ላይ የምንሰማው «አርክ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲገዛ ሞናርኪ፣ ጥቂቶች ሲገዙ ኦሊጋርኪ፣ አለቃ ሲጠፋ አናርኪ ይባላል። እንግዲህ ዲያርኪ ማለት የሁለት አገዛዝ ማለት ነው። በአማርኛ «ጥንድ አገዛዝ» ብንለው የሚስማማ ይመስለናል።

ጥንድ አገዛዝ በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንታዊቷ ስፓርታ ከሁለት ቤተ ሰብ የሚወለዱ ሁለት ነገሥታት በአንድነት ይነግሡ ነበር። ሁለቱም ጦር ይመሩ ነበርና፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ ክሌዎሜኔስና ንጉሥ ዴማራጦስ በዘመቻ ላይ ሳሉ በሐሳብ ተለያዩ። ዘመቻው ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጦር ሜዳ የሚወጣው አንዱ ንጉሥ ብቻ እንዲሆን ስፓርታውያን ሕግ አወጡ። እነሆ፣ ጥንድ አገዛዝ ገና ከጥንቱ መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር፤ ሁለቱ ባልተስማሙ ጊዜ የሚፈጸመው የማን ትእዛዝ ነው?

ቃሉን ለፖለቲካ ትምህርት ያስገባው ግን የ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊ የሮማ ታሪክ ሊቅ ቴዎዶር ሞምዘን ነው። ሞምዘን የሮማን የመንግሥት ሕግ ሲያጠና፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት አውግስጦስ ቄሣር ከሮማ ሴናቶ ጋር ያደረገውን የሥልጣን ክፍፍል ዲያርኪ ብሎ ሰየመው። በዚያ ክፍፍል ሰላም የሰፈነባቸውን አውራጃዎች ሴናቶው በላካቸው ሹማምንት ያስተዳድራል፤ ጦርነት የሚያሰጋቸውን ቄሣሩ በእንደራሴዎቹ ያስተዳድራል። በወረቀት ሲታይ እኩል መካፈል ይመስላል። ነገር ግን ከሮማ ጦር ብዙው የሰፈረው በቄሣሩ አውራጃዎች ነበር። ለሮማ ከተማ እህል ታቀርብ የነበረችው ግብፅም በቄሣሩ ሹም ትተዳደር ነበር፤ ከሴናቶው ወገን የሆነ ሰው ያለ ቄሣሩ ፈቃድ ሊገባባት አይችልም ነበር። ከሞምዘን በኋላ የተነሡ ብዙ ሊቃውንት ስሙን የተቃወሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጦሩና እህሉ በአንዱ እጅ ካለ፣ ሁለተኛው ባለ ስም እንጂ ባለ ሥልጣን አይደለም ብለው ነው።

ጥንድ ስንል በሬ ትዝ ይለናል። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው ይስባሉ፤ ድካማቸውም እኩል ነው። እርፉንና ጅራፉን የያዘው ግን ገበሬው ነው። ይህን ምሳሌ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ለ. ከዲያርኪ ጋር የሚምታቱ ቃላት

ወደ ሕንድ ከመሻገራችን በፊት ልዩነታቸው መታወቅ ያለበት አንዳንድ ነገሮች አሉ። ሞንተስኪዩ በ1748 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ያስተማረው የሥልጣን መለያየት፣ ሕግ ማውጣትን፣ ሕግ ማስፈጸምንና መፍረድን ለየብቻ ማቆም ነው። በዚያ አከፋፈል አንድ የመንገድ ሥራ በምክር ቤት ይፈቀዳል፣ በሚኒስቴር ይሠራል፣ ጠብ ቢነሣበት በዳኛ ይታያል። በፌዴራል መንግሥት ደግሞ የሚከፈለው በማዕከልና በክፍላተ ሀገር መካከል ነው። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ከአንድ ፓርቲ፣ የምክር ቤቱ ብዙ ድምፅ ከሌላው ፓርቲ ሲሆን የተከፈለ መንግሥት ይባላል። በፈረንሳይም ከ1986 እስከ 1988፣ ከ1993 እስከ 1995፣ ከ1997 እስከ 2002 እንደታየው፣ ፕሬዚዳንቱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከተቃራኒ ወገን ሲሆኑ «አብሮ መኖር» ይሉታል። በእነዚህ ሁሉ መክፈያው ሕገ መንግሥት ወይም የመራጭ ድምፅ ነው።

በ1917 በሩስያ የታየው ደግሞ ሌላ ነው። ንጉሡ ከወረደ በኋላ በፔትሮግራድ ጊዜያዊው መንግሥትና የሠራተኞችና የወታደሮች ሶቪየት ጎን ለጎን ቆሙ። ሌኒንም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ስለዚህ ሲጽፍ ሁኔታውን «ጥንድ ሥልጣን» አለው። ያ ማንም አስቦ የከፈለው አልነበረም፤ ሁለት ባላንጣዎች አንዱ ሌላውን እስኪጥል የተፋጠጡበት ጊዜ ነው። ዲያርኪ ግን ከሁሉም ይለያል። በዲያርኪ አንድ የበላይ፣ አንድን አስተዳደር አስቦና ቆጥሮ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የክፍሉንም መስመር እሱ ራሱ ያሰምራል።

ሐ. ስሙ ሳይመጣ ነገሩ፤ ቤንጋል በ1765

የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጥንድ አገዛዝን የሞከረው ስሙ ከመታወቁ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በነሐሴ 1765 የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ አላም ዳግማዊ በአላሃባድ ውል የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን «ዲዋኒ» ለኩባንያው ሰጠ። ዲዋኒ ማለት ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ኩባንያው በፈንታው ለንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ 2,600,000 ሩፒ ሊከፍል ተስማማ። «ኒዛማት» የተባለው፣ ማለት ፀጥታ ማስከበርና የወንጀል ፍርድ፣ በቤንጋሉ ናዋብ ስም ቀረ። ለናዋቡም ኩባንያው ከ5 ሚሊዮን ሩፒ በላይ የሆነ ዓመታዊ ድርጎ ቈረጠለት።

እንግዲህ ገንዘቡ ለኩባንያው፣ ሕዝቡን የመጠበቅ ግዴታ ለናዋቡ ሆነ። ናዋቡ ከኩባንያው ከሚቈረጥለት በቀር እንደ ልቡ የሚያዝዘው ገንዘብም ጦርም አልነበረውም። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ፣ መሐመድ ሬዛ ካን የተባለው ሹም በቤንጋል በአንድ ጊዜ የናዋቡም የኩባንያውም ምክትል ሆኖ መሾሙ ነው። ሁለት ማኅተም በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ ማኅተሙን የሰጠው ግን ኩባንያው ነው።

በ1769 ዝናም ጠፋ። በ1770 በቤንጋል ታላቅ ረኃብ ሆነ። ዋረን ሄስቲንግስ በ1772 ለኩባንያው አለቆች በጻፈው ደብዳቤ ከነዋሪው ቢያንስ ሲሶው ማለቁን ገለጸ። በዚያው ደብዳቤ በ1771 የተሰበሰበው ግብር ከረኃቡ በፊት በ1768 ከተሰበሰበው እንኳ የበለጠ መሆኑን አስታወቀ። ሕዝቡ ሲያልቅ ግብሩ አልጎደለም። ጎተራ የመክፈት ግዴታ ያለበት ናዋብ ጎተራ የለውም፤ ጎተራውን የያዘው ኩባንያ ግዴታ የለበትም። በ1772 ሄስቲንግስ ጥንዱን አገዛዝ ሽሮ አስተዳደሩን ኩባንያው በግልጽ እንዲረከበው አደረገ። ይህ ታሪክ የሚያስተምረን፣ ክፍፍሉ በደለኛ ተለይቶ እንዳይታወቅ መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል ነው።

መ. ወደ 1919 የወሰደው መንገድ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን ከአገራቸው ወጥተው ለእንግሊዝ መንግሥት አገለገሉ። ሕንዳውያንም ራሳቸውን ለማስተዳደር የነበራቸው ጥያቄ በረታ። ነሐሴ 20 ቀን 1917 የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዊን ሞንታጉ፣ የመንግሥታቸው ዓላማ ሕንዳውያንን በአስተዳደሩ ውስጥ እያበዙ፣ ቀስ በቀስ ለሕዝብ ኃላፊ ወደ ሆነ መንግሥት ማድረስ መሆኑን አስታወቁ።

ችግሩ «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሥልጣንን ቀስ በቀስ መስጠት እንዴት ይቻላል? በዚህ ላይ ከጻፉት ዋናው «ራውንድ ቴብል» የተባለው ማኅበር መሪ ላዮኔል ከርቲስ ነበር። የሐሳቡ አካሄድ እንዲህ ነው። ለሕዝብ እንደራሴዎች የመተቸት መብት ብቻ ቢሰጣቸው መተቸት ብቻ ይለምዳሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢሰጣቸው፣ እንደ እሱ አስተያየት፣ ገና አልተዘጋጁም። ስለዚህ ከአስተዳደሩ ሥራ የተወሰኑት ሙሉ በሙሉ ይሰጧቸው፤ የቀሩት በእንግሊዞች እጅ ይቆዩ፤ የተሰጡትን በመልካም ሲያካሂዱ ሌላው ይጨመርላቸው። ዲያርኪ የሚለው የሮማ ታሪክ ቃል ለሕንድ አስተዳደር መጠሪያ ሆኖ የታወቀው በዚህ ክርክር ነው። ከርቲስም በ1920 ስለ ጉዳዩ ያሳተመውን መጽሐፍ «ዲያርኪ» ብሎ ጠራው።

የከርቲስን ሐሳብ ለመንቀፍ መቸኰል የለብንም። ኃላፊነት የሚለመደው በኃላፊነት ነው ማለቱ እውነት ነው። መዋኘት ከወንዝ ዳር ሆኖ አይለመድም። ጥያቄው ተማሪው ወንዙ ውስጥ ሲገባ እጁ ታስሯል ወይስ አልታሰረም የሚለው ነው።

ሞንታጉና የሕንዱ እንደራሴ ሎርድ ቼልምስፎርድ በ1918 ሪፖርታቸውን አቀረቡ፤ ሕጉም በታኅሣሥ 1919 በለንደን ጸደቀ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅደው የሮውላት ሕግ ወጥቶ ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን ደግሞ በአምሪትሳር ከተማ በጃሊያንዋላ ባግ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፍቶ፣ እንግሊዞች ራሳቸው በሰጡት ቍጥር 379 ሰዎች ተገደሉ። አንዱ እጅ ሥልጣን ሲያካፍል ሌላው እጅ እንዲህ ያደርግ ነበርና፣ ሕዝቡ ስጦታውን በጥርጣሬ ቢቀበለው አያስደንቅም።

ሠ. አሠራሩ

አዲሱ ሕግ በ1921 በስምንት ጠቅላይ ግዛቶች ሥራ ላይ ዋለ፤ በርማ በ1923 ተጨመረች። በእያንዳንዱ ጠቅላይ ግዛት የመንግሥቱ ሥራ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ክፍል «የተጠበቀ»፣ ሁለተኛው «የተላለፈ» ተባለ።

በተጠበቀው ክፍል ፖሊስ፣ የፍርድ አስተዳደር፣ ወህኒ ቤት፣ የመሬት ግብር፣ መስኖ፣ የረኃብ ርዳታና የገንዘብ ጉዳይ ተመደቡ። እነዚህን አገረ ገዥው ከሥራ አስፈጻሚ አማካሪዎቹ ጋር ያካሂዳል። አማካሪዎቹ ተጠያቂነታቸው በአገረ ገዥው በኩል ለለንደን ነው። በተላለፈው ክፍል ትምህርት፣ የሕዝብ ጤና፣ እርሻ፣ የማዘጋጃ ቤቶች አስተዳደር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የኢንዱስትሪ ልማት ተመደቡ። እነዚህን አገረ ገዥው ከሕንዳውያን ሚኒስትሮች ጋር ያካሂዳል። ሚኒስትሮቹ ተጠያቂነታቸው ከአባሎቹ ቢያንስ ከመቶ 70ው በምርጫ ለገቡበት የሕግ ምክር ቤት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ይመስላል። ነገር ግን አንባቢ ዝርዝሩን መልሶ ይመልከተው። ወጪ የሚያስወጡት ሥራዎች፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት፣ ለሚኒስትሮቹ ደርሰዋል። ገቢ የሚያስገባው ዋናው የመሬት ግብርና የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ በተጠበቀው ክፍል ቀርተዋል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሁልጊዜ ከአገረ ገዥው አማካሪዎች አንዱ ነው። አንድ የትምህርት ሚኒስትር አዲስ ትምህርት ቤት ለመክፈት ባሰበ ጊዜ ገንዘቡን የሚጠይቀው ለምክር ቤቱ ተጠያቂ ያልሆነውን ሰው ነበር። በዚያ ላይ ጠቅላይ ግዛቶቹ፣ ከቢሃርና ኦሪሳ በቀር፣ በድምሩ በዓመት 98,300,000 ሩፒ ለማዕከላዊው መንግሥት እንዲያዋጡ በ1920 ተወስኖባቸው ስለ ነበር ካዝናው ገና ከመጀመሪያው ጎደሎ ነበር።

የሠራተኛውም ነገር እንደዚሁ ነው። በሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ከፍተኛ ሹማምንት የሚሾሙትና መብታቸው የሚጠበቀው በለንደን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ከሚኒስትሩ ጋር ባይስማማ በቀጥታ ወደ አገረ ገዥው ገብቶ ጉዳዩን ማስረዳት ይችላል። አገረ ገዥውም የሚኒስትሩን ምክር ላለመቀበል፣ በተጠበቁት ጉዳዮች ምክር ቤቱ የከለከለውን በጀት ለመመለስና ምክር ቤቱ ያላለፈውን ሕግ አስፈላጊ ነው ብሎ ለማጽደቅ ሥልጣን ነበረው። አንድ ጉዳይ የየትኛው ክፍል እንደ ሆነ ክርክር ቢነሣ ቍርጡን የሚሰጠው ማን ነው? እሱው አገረ ገዥው ነው። እርፉም ጅራፉም በአንድ እጅ ነበር ያልነው ይህን ነው።

ረ. ፈተናው ላይ የታየው

የማድራሱ ሚኒስትር ሰር ኬ. ቪ. ሬዲ ሹመታቸውን ሲያስረዱ የተናገሩት በሕንድ ታሪክ የታወቀ ነው። የልማት ሚኒስትር ናቸው፤ ደኑ ግን የእሳቸው አይደለም። የእርሻ ሚኒስትር ናቸው፤ መስኖው ግን የሌላ ነው። የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ናቸው፤ ፋብሪካው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ማዕድኑና ሠራተኛው ግን በተጠበቀው ክፍል ውስጥ ነው። ውሃ የሌለው እርሻና ፋብሪካ የሌለው ኢንዱስትሪ ማዕርግ ሊሆን ይችላል እንጂ ሥራ ሊሆን አይችልም።

ከተባበሩት ጠቅላይ ግዛቶች የተነገረው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። በ1921 የገበሬው መሬት በውርስ እየተበጣጠሰ ስለ ማነሱ ጥናት በእርሻ መሥሪያ ቤት ተጀመረ። በ1922 ጉዳዩ የመሬት ግብር መሥሪያ ቤት ነው ተባለና መዝገቡ ወደዚያ ተላከ። በ1924 ደግሞ መጀመር የነበረበት በኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ነው ተባለ። መዝገቡ ከተላለፈው ወደ ተጠበቀው፣ ከተጠበቀው ወደ ተላለፈው ሲመላለስ ሦስት ዓመት አለፈ። ገበሬው በዚያ ጊዜ ሁሉ ያንኑ ቁራሽ መሬት ያርስ ነበር። ለገበሬው መሬቱ፣ ውሃው፣ ብድሩና ግብሩ አንድ ኑሮ ናቸው፤ የተለያዩት በመዝገብ ቤት ብቻ ነው። በዚሁ ጠቅላይ ግዛት ሚኒስትር የነበሩት ሲ. ዋይ. ቺንታማኒ በ1923 ሥራቸውን ለቀቁ።

ለእውነት ስንል መልካሙንም መናገር አለብን። ሱሬንድራናት ባነርጂ በቤንጋል ሚኒስትር ሳሉ በ1923 የካልካታን ማዘጋጃ ቤት ሕግ አወጡ፤ የከተማይቱም አስተዳደር በብዛት በተመራጮች እጅ ገባ። በማድራስም ለኢንዱስትሪ የመንግሥት ርዳታ የሚሰጥበት ሕግ በ1922 ወጣ። ሚኒስትሮቹ ሰነፎች አልነበሩም። ሥራቸው የታየው ግን መስመሩ በላላበትና አገረ ገዥው በወደደበት ቦታ ነው። ሥልጣን በሌላው መልካም ፈቃድ ላይ ከቆመ ሥልጣን መሆኑ ይቀርና ውለታ ይሆናል።

በ1923 ሲ. አር. ዳስና ሞቲላል ኔህሩ የስዋራጅ ፓርቲን መሠረቱ። አሳባቸው ምክር ቤቶቹ ውስጥ ገብቶ የዲያርኪን ባዶነት ከውስጥ ማሳየት ነበር። በ1924 የቤንጋል ምክር ቤት የሚኒስትሮቹን ደመወዝ ከለከለ። ሚኒስትሮቹ ለቀቁ፤ አገረ ገዥው ሎርድ ሊተንም የተላለፉትን ሥራዎች ሁሉ በራሱ እጅ አደረገ። መንግሥቱ አልቆመም፤ እንደ ወትሮው ቀጠለ። ዳስና ጓደኞቹ ለማሳየት የፈለጉትም ይህንኑ ነው፤ አንደኛው በሬ ከቀንበሩ ሲወጣ ማረሻው የማይቆም ከሆነ፣ ድሮውንስ ይስብ ነበር ወይ?

በ1924 ጉዳዩን የሚመረምር በሰር አሌክሳንደር ማዲማን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ብዙዎቹ አባሎች በጥቂት ማሻሻያ ይቀጥል ሲሉ፣ ሳፕሩ፣ ጂና፣ ሲቫስዋሚ አይየርና ፓራንጅፔ ግን ሥርዓቱ በጥገና የማይድን ነው ብለው የተለየ ሐሳብ አቀረቡ። የኋላው ጊዜ የፈረደው ለአራቱ ነው። በ1930 የሳይመን ኮሚሽን ዲያርኪ በጠቅላይ ግዛቶቹ እንዲቀር መከረ፤ በ1935 ሕግም ተሻረና ከሚያዝያ 1 ቀን 1937 ጀምሮ ሁሉም የጠቅላይ ግዛት ሥራ ለሚኒስትሮች ተሰጠ። የሚገርመው፣ ያው ሕግ ዲያርኪን ከጠቅላይ ግዛት አንሥቶ በማዕከሉ ሊተክለው አስቦ ነበር፤ መከላከያና የውጭ ጉዳይ በተጠበቀው ክፍል ሊሆኑ ነበር። ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል የዓለም ጦርነት መጣ፣ ሕንድም በ1947 ነፃ ወጣች።

ሰ. በአገራችን የታየ ጥንድ አገዛዝ

የእኛም ታሪክ በዚህ ቃል ላይ የሚጨምረው ነገር አለው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከዚያ እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ ያለውን ዘመን አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ዲያርኪ ይሉታል። ዘውዱ በንግሥቲቱ ራስ ላይ ነበር፤ የውጭ ጉዳይና የዕለት ተዕለት አስተዳደሩ እየዋለ እያደረ ወደ አልጋ ወራሹ አዘነበለ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በዚህ ዘመን ነው።

ይህ ክፍፍል ከሕንዱ የሚለየው የተጻፈ ዝርዝር ስላልነበረው ነው። የቱ የንግሥቲቱ፣ የቱ የአልጋ ወራሹ እንደ ሆነ የሚነገር መስመር አልነበረም። ሚዛኑን የያዘው ሦስተኛ ሰው ነበር፤ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ። እሳቸው በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ሠራዊታቸው ወደ አልጋ ወራሹ ተላለፈ፤ ሚዛኑም ያን ጊዜ ተሰበረ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን መጋቢት 24 ዐረፉ። ጥንዱ አገዛዝ በዚያ አለቀ።

እንግዲህ የተጻፈ መስመር ባለበትም፣ ባልነበረበትም የሆነው አንድ ነው። በሕንድ ሚዛኑ በአገረ ገዥው እጅ ነበር፤ በአገራችን በጦር ሚኒስትሩ እጅ፤ በቤንጋል በኩባንያው፤ በሮማ በጦሩ። ጥንድ በተባለው አገዛዝ ሁሉ ሦስተኛ ነገር አለ።

ሸ. ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ያገኘነውን በአጭሩ እንናገር። ዲያርኪ በቃሉ የሁለት አገዛዝ ማለት ነው፤ በተግባር ግን ሥልጣኑ የነበረው ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ ብቻ አይደለም፤ መስመሩን ባሰመረውና ካዝናውን በያዘው እጅ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት በክርክር ምሽታችን «ሥልጣኑ ተከፍሏል» ሲባል፣ ከማጨብጨባችን በፊት ሦስት ነገር እንድንጠይቅ እንመክራለን። ሥራው የተሰጠው ሰው ለሥራው የሚበቃ ገንዘብ ያዝዛልን? የሚያሠራቸውን ሰዎች ለመሾምና ለመሻር ይችላልን? ክርክር ሲነሣ መስመሩን የሚወስነው ከሁለቱ ወገኖች ውጭ የቆመ ዳኛ ነው ወይስ ራሱ ከፋዩ?

ይህ ለመንግሥታት ብቻ የሚሆን መለኪያ አይደለም። የተማሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ የምግብ ቤቱ ጉዳይ የእናንተ ነው ቢባል፣ የወጥ ቤቱ ሠራተኛና የምግቡ በጀት ግን በሌላ ክፍል ቢሆን፣ ወጡ የቀጠነ ዕለት የሚወቀሰው ማን ነው? ኮሚቴው ነው። ተማሪው ተማሪውን ይወቅሳል፤ በጀቱን የያዘው ሰው ግን በሰላም ይውላል። ከቤንጋል ናዋብ እስከ ማድራስ ሚኒስትር የታየው ነገር በትንሹ ይኸው ነው።

ሥልጣን መከፋፈል የለበትም ማለታችን አይደለም። በአንድ እጅ የተጠቀለለ ሥልጣን ምን እንደሚያደርግ ዓለምም አገራችንም አይተዋል። የምንለው፣ ሲከፈል ሥራው ከነመሣሪያው፣ ግዴታው ከነካዝናው ይከፈል ነው። ያለዚያ የተካፈልነው ወቀሳውን ብቻ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኘ ወይም በሐሳባችን የማይስማማ አንባቢ በሚቀጥለው እትም ቢያርመን፣ ከማንም በፊት የምናነበው እኛ ነን።